መስታወቱ ለምን አረንጓዴ ሆነ? ከጋይንቷ ቤተ ልሔም የተገኘ ምክር

ቤተ ልሔም ሲባል የይሁዳዋን ትቶ የጋይንቷን የሚያስታውስ የከተማ ልጅ ስንቱ ይሆን? ለቤተ ክህነት ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከየትም አገር ይምጣ፣ ድጓ ተምሮ «አስመስክሬአለሁ» ማለት የሚሻ ሁሉ የሚመኛት፣ በደቡብ ጎንደር ከጉና ተራራ ማዶ ያለችውን ቤተ ልሔም ነው። በዜማ ትምህርት ከቆማ፣ ከአጫብርና ከተጉለት ጋር ስሟ የሚነሳ፣ የራሷ ስልት ያላት አገር ናት።

«ታዲያ እኛ መስታወት ውስጥ ዓሣ ከምናረባው ጋር ምን አገናኛት?» ትሉ ይሆናል። አትቸኩሉ፣ ይገናኛሉ! የዛሬው ወጋችን ስለ አልጌ ነው። በትምህርት ቤት «ዋቅላሚ» እያልን ስለ ተማርነው፣ ዛሬ ደግሞ ሳሎናችን ድረስ መጥቶ ያንን የመሰለ አኳሪየም የአተር ሾርባ ስለሚያስመስለው አረንጓዴ ነገር። እኔ የአልጌን ጠባይ የተረዳሁት ከዓሣ ሻጭ ሳይሆን ከአንድ የቆሎ ተማሪ ነው።

ጉዞውን ባጭሩ ልንገራችሁ። በ2011 ዓ.ም. ኅዳር ላይ አንድ የሰፈሬ ልጅ እዚያ ድጓ ለሚማር ታናሽ ወንድሙ ጋቢና ስንቅ ሊያደርስ ሲነሳ «እኔም አለሁበት» ብዬ ተከተልኩት። ከባሕር ዳር ወረታ፣ ከወረታ ወደ ቀኝ ታጥፎ ደብረ ታቦር። ከደብረ ታቦር ስትወጡ ጉና ተገትሮ ይጠብቃችኋል። ቁመቱ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። በምዕራብ በኩል የሚወርደው ውሃው ርብና ጉማራ ተብሎ ጣና ይገባል፤ በወዲያኛው በኩል የሚወርደው ደግሞ የጋይንትን፣ የእስቴንና የስማዳን አገር እየሰነጠቀ በራሱ መንገድ ዓባይን ፍለጋ ይሄዳል። ከመኪና ከወረድን በኋላ የቀረው በእግር ነው። የአገሬው ሰው «ቅርብ ነው፣ እዚህችው ናት» ሲላችሁ እንዳትሸወዱ፤ የእነሱ «እዚህችው» ለእኛ የግማሽ ቀን መንገድ ናት።

(ዛሬ «እኔም ልሂድ» የሚል ካለ ግን መጀመሪያ የመንገዱን ሰላም ከሚያውቅ ሰው ይጠይቅ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል ያለውን ግጭት የማያውቅ የለምና።)

ስንደርስ ከሩቅ የታየን ቤት ሳይሆን ዛፍ ነው። ዙሪያው የታረሰ ማሳ ነው፤ ገብስና ስንዴ። ገበሬው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ድረስ ያርሳል፤ ከአጥሩ ወዲህ ግን ማንም መጥረቢያ አያነሳም፣ ጽዱና ወይራው እንደ ልቡ ነው። ደቡብ ጎንደርን ከላይ ብታዩት እንዲህ ነው ይባላል፤ ቢጫ ማሳ መሐል እዚህም እዚያም ጠብ ጠብ ያለ አረንጓዴ፣ በእያንዳንዱ አረንጓዴ መሐል ደግሞ አንድ ቤተ ክርስቲያን። የታሪክ ጸሐፊው ቶማስ ፓከንሃም እ.ኤ.አ. በ1955 እዚህ ሲመጣ ከውጭ ያየው እንደማንኛውም የገጠር ቤተ ክርስቲያን ክብ የሣር ክዳን ነበር። ሲገባ ግን በክቡ ቤት ውስጥ አራት ማዕዘን የሆነ ጥንታዊ ሕንፃ ተሸሽጎ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው መጽሐፉም ይህንኑ ለዓለም ተረከ። ላዩን አይቶ «አወቅሁት» ማለት እዚህ አገር አያዋጣም ማለት ነው።

ሌሊቱን የተማሪዎቹ ዜማ ከየጎጆው ይሰማል። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ደበሎ የለበሱ ልጆች ጠዋት አኩፋዳቸውን አንግበው ለልመና ይወጣሉ፣ ከሰዓት ደግሞ ከየኔታ እግር ሥር ናቸው። እኔም የማድረው ከእነሱ ጎጆ ስለነበር ጠዋት ጠዋት ጀሪካን ተሸክሜ ውሃ እንቀዳ ነበር። ነገራችን የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ከመንደሩ በታች አንዲት ጠባብ ወራጅ አለች። ስሟን ብጠይቅ «ወንዟ ናታ!» ከማለት በቀር የነገረኝ የለም። ውሃ የሚቀዳው ከላይ፣ ዛፍ ከጋረደው ቦታ ነው። እዚያ ድንጋዩ ጥቁርና ንጹሕ ነው፤ በጣት ሲነኩት በስሱ ከማሟለጩ በቀር አረንጓዴ የሚባል ነገር አይታይበትም። ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ወደ ታች ስትወርዱ ዛፉ ያልቅና ከብት የሚጠጣበት ግልጥ ቦታ ይመጣል። እዚያ ድንጋዩ ሁሉ አረንጓዴ ጸጉር አብቅሏል፤ ውሃው ሲሄድ ጸጉሩ ይተኛል፣ ይነሳል። ያው አንድ ውሃ ነው እኮ! በሁለት መቶ እርምጃ ውስጥ ምን ነካው?

ይበልጥ የገረመኝ ደግሞ ሌላ ነው። የእንቁራሪት ልጆች፣ እነዚያ ራስና ጭራ ብቻ የሚመስሉት፣ የበዙት ከታች፣ አረንጓዴው ያለበት ቦታ ነው። ድንጋዩን በአፋቸው እየፋቁ ሲግጡ ይውላሉ። ይበላሉ፣ ይበላሉ፣ አረንጓዴው ግን ንቅንቅ አይልም። ላይኛው ደግሞ ጋጭ ሳይበዛበት ንጹሕ ነው።

አብሮኝ ለወረደው ተማሪ ነገሩን ብነግረው በእኔ መገረም ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ ላይኛው ጥላ አለው፤ ታችኛው ከብት አለው» አለኝና ቅሉን ሞልቶ ዳገቱን ተያያዘው።

በቃ፤ የአልጌ ትምህርት ሙሉው ይኸው ነው። አልጌ ቆሻሻ አይደለም፤ እንደ ማንኛውም ተክል ብርሃንና ምግብ ያገኘ ለምለም ነገር ነው። ከብቱ የሚጥለው ፍግ ማዳበሪያው ነው፣ ግልጥ ያለው ፀሐይ ደግሞ ብርሃኑ። ሁለቱ በተገናኙበት ቦታ ሺህ ጋጭ ብታሰማሩ አይጠራም። ሁለቱ በሌሉበት ግን ጥቂት ጋጭ ይበቃል። የእናንተም መስታወት እንዲሁ ነው። በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት የሚበራው አምፖል ፀሐዩ ነው፤ «ራባቸው» እያላችሁ የምትበትኑት ምግብና የዓሦቹ ኩስ ደግሞ ፍጉ።

ይህ ነገር ዳግመኛ ትዝ ያለኝ ባለፈው ዓመት ነው። ገርጂ አካባቢ የምትኖር አንዲት ወዳጄ ታናሽ ወንድሟ ውጭ አገር ሲሄድ 60 ሊትር የሚይዝ፣ ተክል የሞላበት አኳሪየሙን አደራ ሰጥቷት ነበር። ልጁ በየሳምንቱ እሑድ ይደውላል፤ የመጀመሪያ ጥያቄው «ዓሦቼ እንዴት ናቸው?» ነው። እሷ ደግሞ መስታወቱ አረንጓዴ ከሆነ ወዲህ «ኔትወርኩ ደካማ ነው» እያለች ካሜራውን ማዞር ትታለች። አደራ ከባድ ነገር ነው፣ በተለይ የሄደ ሰው አደራ። አንድ ቀን ጠርታኝ «እባክህ ኬሚካል አልፈልግም፣ ተፈጥሯዊ የሆነ ማጽጃ ንገረኝ» አለችኝ። ጎረቤቷ «ትንሽ በረኪና ጠብ አድርጊበት» ብሏት ነበር። እሰይ እምቢ ማለቷ! በረኪና አልጌውን ቢገድል ዓሣውንም ተክሉንም አይምርም።

ግን ደግሞ «ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃል ራሱ እንዳያታልላችሁ። እንዶድ ተፈጥሯዊ አይደል? እናቶቻችን ነጠላ ያጠቡበት፣ ዛሬም በገጠር የሚታጠብበት ፍሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የእንዶድ ቀንድ አውጣ ገዳይነት ከዚያ ተነስቶ በዓለም ታወቀ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 እሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ለዚሁ ሥራ ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ያው አረፋው ግን ዓሣንም ይገድላል። ብርብራስ? የዛፍ ፍሬ ነው፣ ፍጹም ተፈጥሯዊ። ነገር ግን በጣና ገባር ወንዞች እንቁላል ሊጥል ሽቅብ የሚወጣውን ዓሣ የሚያደነዝዙበትና የሚጨርሱበት እሱው የብርብራ ዱቄት ነው። ስለዚህ «ከዛፍ የመጣ ነው፣ አይጎዳም» የሚል ምክር ስትሰሙ ጆሯችሁን ድፈኑ።

ሦስተኛ ወጥመድም አለ። አንዳንዱ ወጣት ባሕር ዳር ለሽርሽር ሲሄድ ከውሃ ዳር ቀንድ አውጣ ለቅሞ በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዞ ይመጣል፤ «መስታወት ይልስልኛል» ብሎ። ተዉ፣ አደራ! እንደ በግ ቀንድ የተጠቀለለችው ጠፍጣፋ የወንዝ ቀንድ አውጣ የብልሃርዝያ ተሸካሚ ልትሆን ትችላለች። ብልሃርዝያ ደግሞ የሚገባው በአፍ ሳይሆን ውሃ በነካው ቆዳ በኩል ነው። እጃችሁን ገንዳው ውስጥ ከትታችሁ ተክል ስታስተካክሉ እሷም ሥራዋን ትሠራለች። ለመስታወት ጽዳት ብሎ ጉበትን መስጠት ምን የሚሉት ንግድ ነው?

እሺ፣ ታዲያ የሚሠራው የቱ ነው? ትክክለኛ ጽዳት ሠራተኞች አሉ። የሥራ ድርሻቸው ግን ይለያያል።

በአገራችን እጅግ የሚደንቁት «ጋራ» የሚባሉት ትንንሽ ዓሦች ናቸው። ተራራ ማለት እንዳይመስላችሁ፤ ስሙ ከህንድ የመጣ የሳይንስ ስም ነው። አፋቸው ከሥር ነው፣ ከአገጫቸው በታች እንደ ስኒ ማስቀመጫ ያለ መጣበቂያ አላቸው፤ በእሱ ድንጋይ ላይ ተለጥፈው አልጌውን ይፍቃሉ። አንደኛው ዝርያ ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1835 የገለጸው ሲሆን ስሙ ከጣና ሰሜን ካለችው ከደምቢያ የተወሰደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አበበ ጌታሁን ከባልደረባቸው ጋር ሌሎች አዳዲስ ጋራዎችን ለሳይንስ አስተዋውቀዋል፤ አንዱ በጣና፣ አንዱ በጎጃሟ ደምበጫ ስም ተጠርቷል። ይሁንና እነዚህ የወራጅ ውሃ ልጆች ናቸው። የቆመ የሳሎን ውሃ ያፍናቸዋል፤ ከወንዝ አምጥቶ 60 ሊትር ውስጥ መክተት ግፍ ነው። እዚያው ወንዛቸው ውስጥ እያየናቸው እናድንቃቸው።

ቆሮሶም አልጌ ይበላል። ነገር ግን አሸዋውን ይቆፍራል፣ ተክሉን ይነቅላል፣ ሳህን ካላከለም አያርፍም። የእሱ ቦታ ኩሬ ነው። ከሱቅ የሚሸጠው ፕሌኮ የተባለው ባለ ግርፍ ዓሣም በልጅነቱ ጎበዝ ላሽ ነው፤ ካደገ በኋላ ግን ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ይረዝምና ከሚበላው አልጌ የሚጥለው ኩስ ይብሳል። ለትንሽ ገንዳ የሚሆነው ኦቶሲንክለስ የሚባለው የጣት ያህል ዓሣ ነው፤ በቡድን ይኖራል፣ ቅጠል ላይ ያለውን ስስ አልጌ ይልሳል፣ ተክል አይነካም። አዲስ በተሞላ ገንዳ ግን በረሃብ ይሞታል። ሞሊም ቢሆን ሆዱ ካልጠገበ አልጌ ይለቃቅማል።

ጸጉር የሚመስለውን አልጌ በመብላት የታወቀው ደግሞ አማኖ የሚባለው ሽሪምፕ ነው። ስሙ ከጃፓናዊው ፎቶግራፍ አንሺ ታካሺ አማኖ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ያረፈው ይህ ሰው አኳሪየምን እንደ ደን መትከልን ለዓለም ያስተማረ ነው። ጽዳቱን ያስረከበው ለዚያ ለትንሹ ሽሪምፕ ነበር። ደግነቱ ልጆቹ ጨው በሌለው ውሃ ስለማያድጉ ተራብቶ ገንዳውን አይወርም። መስታወት ለሚልስ ቀንድ አውጣም ኔራይት የሚባለውን ከታመነ ሻጭ ፈልጉ፤ የእሷም እንቁላል እናንተ ዘንድ አይፈለፈልም። እነዚህን ከያዛችሁ ግን መዳብ ያለበት መድኃኒት ውሃው ውስጥ አታፍስሱ፣ አንድም አይተርፍም።

ውሃው ራሱ አረንጓዴ ከሆነ፣ ማለትም አልጌው ተንሳፋፊ ከሆነ፣ ሽሪምፕም ቀንድ አውጣም አይደርስበትም። እሱን የሚያጣራው ዓይን የማይሞላው የውሃ ቁንጫ ነው፤ ችግሩ ዓሦቹ ቁንጫውን እንደ ቆሎ ይቅሙታል። የገብስ ገለባም አለ። የጋይንት ገበሬ ለከብቱ የሚከምረውን ገለባ የእንግሊዝ አገር ሰዎች ኩሬ ውስጥ በመረብ አድርገው ይዘፈዝፉታል፤ አየር ባለበት ውሃ ቀስ እያለ ሲበሰብስ አዲስ አልጌ እንዳይራባ ያግዳል። ያለውን አልጌ አይገድልም፣ ሳምንታት ይፈጃል፣ በሁሉም ኩሬ እኩል አይሠራም። ለጓሮ ኩሬ ይሞከር፤ ለሳሎን መስታወት ግን ጣጣው ይበዛል። አንድ የማይበላ ነገርም አለ። ሰማያዊ ያለበት አረንጓዴ፣ እንደ ቆዳ የሚገፈፍ፣ የሚሸት ነገር ካያችሁ እሱ በእርግጥ ባክቴሪያ ነው፤ ማንም ጋጭ አይቀምሰውም፤ በእጅ እየገፈፉ ማውጣት ነው።

ለወዳጄ የሰጠኋት ምክር እንግዲህ የቤተ ልሔሟን ወንዝ ቅደም ተከተል የተከተለ ነው፤ ጥላ መጀመሪያ፣ ከብት ሁለተኛ፣ ጋጭ መጨረሻ።

ጥላ፦ ገንዳውን ከመስኮት አራቁት። መብራቱ በቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓት ብቻ ይብራ፣ ያውም በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት። ውሃው እንደ ሾርባ ከሆነ ለ3 ወይም ለ4 ቀን መብራቱን አጥፍታችሁ በጥቁር ጨርቅ ሸፍኑት፤ የአየር ፓምፑ ግን አይጥፋ። ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ቅጠልም ጥላ ይሆናል፤ ሲበዛ መልቀም ብቻ ነው።

ከብት፦ ምግብ በቀን አንዴ፣ በ2 ደቂቃ የሚያልቀውን ያህል ብቻ። በሳምንት አንድ ቀን ጭራሽ አትስጧቸው፣ አይሞቱም። በየሳምንቱ ከውሃው ሩቡን ቀይሩ። የቧንቧ ውሃ ከነክሎሪኑ እንዳትሞሉበት፤ በባልዲ ከፍታችሁ አንድ ቀን አሳድሩት። መቼም ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በርሜል የሌለው የለም፣ እዚህ ላይ ጠቀመን! የፊልተሩን ስፖንጅ በቧንቧ ውሃ ሳይሆን ከገንዳው በቀዳችሁት ውሃ እጠቡት፤ ቆሻሻውን የሚፈጩት ደግ ባክቴሪያዎች እዚያ ውስጥ ናቸውና። ቶሎ የሚያድጉ ተክሎችንም አብዙ፤ የአልጌውን እንጀራ ቀድመው ይበሉታል።

ጋጭ፦ ይህን ሁሉ ካደረጋችሁ በኋላ፣ መስታወቱን በአሮጌ የኤቲኤም ካርድ ፍቃችሁ፣ ከዚያ ጥቂት ሽሪምፕ ወይም ኔራይት ጨምሩ። የሚቀረውን ትንሹን እነሱ ይጨርሳሉ።

ወዳጄ ይህን ይዛ ሦስት ሳምንት ቆየች። በመጀመሪያው ሳምንት ምንም ለውጥ ስላላየች ተነጫነጨችብኝ። በሁለተኛው ውሃው ሳሳ። በሦስተኛው እሑድ ወንድሟ ሲደውል ካሜራውን አዞረችለት። ድንጋዮቹ ላይ አሁንም ጥቂት አረንጓዴ አለ፤ እሱም አይቶ «ያቺን ተያት፣ ሽሪምፖቹ ምን ይብሉ?» አላት።

አንድ ነገር ልጨምርና ልሰናበት። ተክል ሲበዛባችሁ፣ ዓሣ ሲሰለቻችሁ ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ አትድፉ። እንቦጭን የምታውቁት ይመስለኛል። የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ በአበባው ውበት የተነሳ ሰው ለጌጥ እያለ ከአገር አገር አዞረው። እ.ኤ.አ. በ1965 ቆቃና አዋሽ ላይ ታየ፣ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ጣና ላይ። ስንት ሺህ ገበሬ ወገቡ እስኪቆረጥ በእጁ እንደነቀለው በቴሌቪዥን አይታችኋል። ርብና ጉማራ ከጉና ወርደው የሚገቡት እዚያው ሐይቅ ውስጥ ነው። የተረፋችሁን ተክል ፀሐይ ላይ አድርቃችሁ ጓሮ ቅበሩት፤ ዓሣውን ለሚያሳድግ ሰው ስጡት።

በሌላ ጨዋታ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!